የአባባ ኮሮላ ታይሚንግ ቺንጋ ጥርስ ዘለለ

ቅዳሜ ማታ

እሺ፣ ከዛሬ ጀምሮ የምሰራውን እዚህ እየጻፍኩ ልሄድ ነው፣ አንድም ራሴ እንዳልረሳው፣ አንድም እንደኛ የቆየች ኮሮላ የያዘ ሰው ካለ እንዲጠቅመው። መኪናዋ የ1993 ሞዴል ኮሮላ 1.6 ናት፣ ሞተሯ ፎር ኤ ኤፍ ኢ የሚሉት ባለ 16 ቫልቮላው። ባለቤቷም ሾፌሯም አባባ ናቸው፣ እኔ ስትታመም ብቻ ነው የምጠራው።

ችግሩ እንዲህ ነው። ከአዘዞ ወደ ጎንደር ከተማ ስትመጣ ዳገቱ ላይ ትሞታለች። ድሮ በሦስተኛ ትወጣው የነበረውን አሁን ሁለተኛ አስገብተህም እየለመንካት ነው። ጠዋት ማስነሻው ሞተሪኖ ብዙ ካልዞረ አትነሳም፣ ሚኒሞ ላይ፣ ማለት ነዳጅ ሳይረገጥ ቆማ ስትሰራ፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ነዳጅ ድንገት ሲረገጥ ደሞ በአየር ማስገቢያው በኩል ፏ የሚል ድምጽ ታወጣለች። ቤንዚን ትጠጣለች፣ ያውም ስንት ሰልፍ ተይዞ የተገኘ ቤንዚን።

አባባ መጀመሪያ "ቤንዚኑ ነው፣ የሆነ ነገር ቀላቅለውበታል" አሉ። ቤንዚን ተቀየረ፣ ያው ናት። ከዛ "ጎንደር ደጋ ነው፣ መኪና ይደክማል" አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ጎንደር ከባህር ወለል በላይ 2,100 ሜትር አልፋ ነው ያለችው፣ እዚህ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ባህር ወለል ላይ ካለው ከ80 ፐርሰንት በታች ነው፣ ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማ እዚሁ ያጣል። ግን ከተማዋ አምናም እዚሁ ከፍታ ላይ ነበረች አይደል እንዴ።

ከኔ በፊት አንድ ጋራዥ አይቷታል። ካንዴላ ቀየሩ፣ ፊልትሮ ቀየሩ፣ በመጨረሻ እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢዩተር አዞሩና "አሁን ተስተካክላለች" ብለው ላኳቸው። እውነትም ሚኒሞዋ ትንሽ ተሻለ፣ ዳገቱ ግን ያው። እኔ ኮፈኑን ከፍቼ መጀመሪያ ያየሁት ዲስትሪቢዩተሩን ነው፣ ቡሎኑ ከሚንሸራተትበት ረጅም ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ጫፍ ተገፍቷል። እዚህ ጋ ነው የጠረጠርኩት። ጤነኛ ሞተር ላይ ዲስትሪቢዩተሩ ከቀዳዳው መሃል አካባቢ ነው የሚቀመጠው፣ እስከ ጫፍ ካልተገፋ የማይሰራ ከሆነ ሌላ ቦታ የተዛባ ነገር አለ ማለት ነው። ዲስትሪቢዩተሩን የሚያዞረው ካምሻፍቱ ነው፣ ቫልቮላዎቹን (የአየርና የጭስ በሮቹን) የሚከፍተው ዘንግ፣ ካምሻፍቱን የሚያዞረው ደሞ ታይሚንግ ቺንጋው፣ ታች ካለው ክራንክ፣ ማለት ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዋና ዘንግ፣ ጋር የሚያገናኘው ጥርሳም የጎማ ቀበቶ። ቺንጋው ጥርስ ከዘለለ ቫልቮላውም እሳቱም አንድ ላይ ነው የሚዘገዩት። ዲስትሪቢዩተር ሲዞር እሳቱ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ቫልቮላው ግን እዛው እንደዘገየ ይቀራል። ሚኒሞው ተሽሎ ጉልበቱ ያልተመለሰው ለዚህ ይመስለኛል፣ ነገ እናያለን።

እሁድ

ከቅዳሴ መልስ ነው የጀመርኩት። ኮምፕሬሽን መለኪያ (ሲሊንደሮቹ አየሩን የሚያምቁበትን ግፊት የሚለካ) ከጓደኛዬ ተውሼ፣ ሞተሩን አሙቄ፣ አራቱንም ካንዴላ አወጣሁ፣ የዲስትሪቢዩተሩን ሶኬት ነቀልኩ እሳት እንዳይሰጥ፣ አባባ ነዳጁን እስከ ታች ረግጠው ቁልፍ አዞሩ። አራቱም ከ125 እስከ 130 ፒ ኤስ አይ (የግፊት መለኪያ ነው) መሃል አነበቡ። የዚህ ሞተር መጽሐፍ 190 ፒ ኤስ አይ ገደማ ነው የሚለው፣ ዝቅተኛው 142 ነው። ይሄን ያየ ሰው ደንግጦ ሞተር ይወርዳል ሊል ይችላል። ግን የመጽሐፉ ቁጥር የባህር ወለል ቁጥር ነው፣ እኛ ከፍታ ላይ ሲሰላ ጤነኛው ሞተር 145 አካባቢ ነው መስጠት ያለበት፣ ስለዚህ የኛ ቀንሷል ግን አልሞተም።

ዋናው ነገር ደሞ ቁጥሩ ሳይሆን እኩልነቱ ነው። አንድ ቫልቮላ ቢቃጠል አንዱ ሲሊንደር ብቻ ነው የሚወርደው፣ የቴስታታው፣ ማለት የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) በሁለቱ መሃል ቢበላ ሁለት ጎረቤታሞች ናቸው የሚወርዱት። አራቱም ተያይዘው እኩል ሲወርዱ ወይ ሞተሩ በሙሉ እኩል አርጅቷል ወይ ቫልቮላዎቹ በሰዓታቸው አይዘጉም። ዘይት ብዙም አትበላም፣ ጭስም የላትም፣ ስለዚህ እርጅናውን ለጊዜው ወደ ጎን አልኩት።

ከዛ የቴስታታውን ክዳንና የላይኛውን የቺንጋ ሽፋን አወጣሁ። በ19 ቁልፍ ክራንኩን በሰዓት አቅጣጫ እያዞርኩ የታችኛው ፑሌጃ (ቺንጋ የሚዞርበት መዘውር) ላይ ያለችውን ጭረት ከሽፋኑ ዜሮ ጋር አገጣጠምኩ። ልብ በሉ፣ ክራንኩ ሁለቴ ሲዞር ካሙ አንዴ ነው የሚዞረው፣ ስለዚህ ላይኛው ምልክት ጭራሽ ካልታየ ሳትደነግጡ አንድ ሙሉ ዙር ጨምሩ። ላይኛው ፑሌጃ ላይ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች፣ በሷ ስታይ ከኋላ የካምሻፍቱ ካፕ ላይ ያለው ምልክት መሃል ለመሃል መታየት አለበት።

አልታየም። ቀዳዳዋ አንድ ጥርስ ሙሉ ወደኋላ ቀርታለች፣ በላዩ ላይ ደሞ ቺንጋው ከመላላቱ የመጣ ትንሽ ጭማሪ አለ። አውራ ጣቴን በቺንጋው ላይ ስጫን ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ገባ፣ ትክክለኛው ሁለት ኪሎ በሚሆን ግፊት ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ነው። ጣቴን ሳነሳው ደሞ ዘይት። ቺንጋ ላይ ዘይት መኖር የለበትም፣ ጠብታም ቢሆን።

አባባን ጠርቼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው በቀዳዳዋ ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ "እና ይቺ ታክል ናት እንዲህ ያደረገችን?" አሉ። አዎ ይቺው ናት። "እስከ አዘዞ ቀስ ብዬ ልንዳትና እዛ ያለው መካኒክ ይይልን" አሉ፣ እኔ እምቢ አልኩ። ይሄ ሞተር እንኳን ደግ ነው፣ ቺንጋው ቢበጠስ ቫልቮላና ፒስተን አይገናኙም፣ ሞተሩ ይጠፋል እንጂ አይሰበርም። ግን መንገድ ላይ መቅረት አለ። የዶልፊን ሹፌር የሆናችሁ ግን ይሄን አንብባችሁ እንዳትዘናጉ፣ የናንተ ናፍጣ ነው፣ ናፍጣ ላይ ቺንጋ ተበጠሰ ማለት ቫልቮላ ታጠፈ ማለት ነው። ዳሽቦርዳችሁ ላይ በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ቲ ቤልት የሚል መብራት የሚበራው ለጌጥ አይደለም፣ ስንቱ ነው አምፖሉን ነቅሎ የሚነዳው። ቪትዝ የያዛችሁ ደሞ የናንተ በቺንጋ ፈንታ ካቴና፣ የብረት ሰንሰለት፣ ስለሆነ እለፉት።

ሰኞ ማታ

ከስራ መልስ አዘዞ ሄድኩ፣ በታክሲ። እዛ አንድ የቆዩ መካኒክ አሉ፣ ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ነው የሚላቸው፣ አሁን እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ብዙም አይሰሩም፣ ግን በር ላይ ተቀምጠው የልጆቹን ስራ ያያሉ። ምልክቱንና ዘይቱን ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው "ልጄ፣ ቺንጋ ዝም ብሎ አይዘልም። አዲስ ቺንጋ ብታስር ያዘለለው ነገር እዛው ከተቀመጠ ያንንም ያዘልልልሃል" አሉኝ። ከዛ ሦስት ነገር እንዳይ ነገሩኝ፣ ዘይቱ ከየት እንደሚመጣ፣ ቺንጋውን የሚወጥረው መወጠሪያ ኩሽኔታ ይዞር እንደሆነ፣ ኩሽኔታውን የሚጎትተው ሞላ (ስፕሪንግ) በቦታው እንዳለ።

አራተኛ የጠየቁኝ ጥያቄ ግን አስገረመኝ። "አባትህ መኪናዋን የት ነው የሚያቆሙት?" የኛ ቤት ማራኪ በኩል ቁልቁለት ላይ ነው፣ አባባ አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርገው አንደኛ ማርሽ አስገብተው ነው የሚያቆሟት፣ ምክንያቱም የእጅ ፍሬኗ መያዝ ካቆመ ቆይቷል። ጋሼ ሳቁ። አንደኛ ላይ ያለች መኪና ወደኋላ በተንሸራተተች ቁጥር ሞተሩን ወደኋላ ታዞረዋለች። ሞተሩ በሰዓት አቅጣጫ ሲዞር የቺንጋው የላላ ጎን መወጠሪያው ያለበት ጎን ነው፣ ወደኋላ ሲዞር ግን የላላው ጎን ወደ ማዶ ይሻገራል፣ እዛ ደሞ የሚይዘው ነገር የለም። በደንብ የተወጠረ ቺንጋ ይሄን ችሎ ይኖራል፣ በዘይት የራሰና የላላ ቺንጋ ግን ታችኛው ትንሹ ፑሌጃ ላይ ወጥቶ ጥርስ ይዘላል። ገፍቶ ማስነሳትም እንደዛው ቺንጋውን ይገጨዋል፣ ባትሪዋ በደከመ ጊዜ የሰፈር ልጆች ስንቴ እንደገፏት እግዜር ይወቀው።

ማርሽ አስገብቶ ማቆም ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም፣ መንጃ ፈቃድ ስንማርም እንደዛ ነው ያስተማሩን። ግን ማርሹ ለእጅ ፍሬኑ ረዳት ነው እንጂ ምትክ አይደለም።

ሐሙስ

ዛሬ ነው ሙሉ በሙሉ የፈታሁት። ባትሪ ነቀልኩ፣ የቀኝ የፊት ጎማ አወጣሁ፣ የዲናሞውንና የስቲሪንጉን ቺንጋዎች አላልቼ አወረድኩ። ከዛ የታችኛው ፑሌጃ ቡሎን፣ ባለ 19፣ ኧረ ይሄ ቡሎን። ማን እንዳጠበቀው አላውቅም ግን ቂም ይዞ ነው ያጠበቀው። አምስተኛ ማርሽ አስገብቼ አባባ ፍሬን እንዲረግጡ አድርጌ፣ ቡሶላው ላይ ረጅም የውሃ ቱቦ አስገብቼ፣ ጎረቤታችን ከአንድ በኩል እኔ ከሌላ በኩል ተንጠልጥለን ነው ጧ ብሎ የለቀቀው። አባባ ከውስጥ "ተሰበረ?" ብለው ጮኹ። አንዳንዱ ሰው ቁልፉን የመኪናው አካል ላይ አስደግፎ በሞተሪኖ እየመታ ይፈታዋል፣ አይቻለሁ፣ ይሰራል፣ ቁልፉ የተወረወረ እለት ግን ምን እንደሚሆን ማሰብ አያስፈልግም።

ከሞተሩ ስር ዘይት የሚጠራቀምበት ኮፓ ላይ ጣውላ አስደግፌ ክሪክ አቆምኩና የቀኙን የሞተር ሱፖርት ፈታሁ፣ ያለዛ ቺንጋው ተጎትቶ የሚወጣበት ክፍተት የለም። ጣውላው ግዴታ ነው፣ ክሪኩ ባዶውን ኮፓውን ይጨፈልቀዋል። የቀሩትን ሽፋኖች አወረድኩ፣ መብራት ሄደ፣ በስልክ መብራት ቀጠልኩ።

እና አገኘሁት። ሞላው የለም! ላልቷል ወይም ተሰብሯል አይደለም የምላችሁ፣ ጭራሽ የለም፣ የሚንጠለጠልበት ፒን ባዶውን ቆሟል። እዚህ ሞተር ላይ አሰራሩ እንዲህ ነው፣ መወጠሪያ ኩሽኔታው ቡሎኑ ላላ ሲል ሞላው ጎትቶ ቺንጋውን በልኩ ይወጥረዋል፣ ከዛ ቡሎኑ ይጠብቅና ሞላው ስራው አለቀ። ማለት ሞተሩ ሲሰራ ሞላው ምንም አያደርግም፣ ልኩን የሚሰጠው በሚታሰርበት ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ድሮ ይሄን ያሰረ ሰው ሞላው ሲጠፋበት ወይ ሲሰበርበት በካቻቢቴ ገፋ አድርጎ በግምት አጥብቆታል። ግምቱ ደሞ አንሷል። አባባ ከመግዛታቸው በፊት ይሁን በኋላ አይታወቅም፣ እሳቸው "እኔ እያለሁ ማንም አልነካትም" ይላሉ፣ ይሁን።

ዘይቱ ከሁለት ቦታ ነው። የካምሻፍቱ ኦይል ሲል፣ ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው የጎማ ቀለበት፣ ከንፈሩ ደርቆ ተሰንጥቋል፣ ከሱ እየወረደ ነው ቺንጋውን ያራሰው። የክራንኩም ላብ ላብ ይላል። ቺንጋው ራሱ በእጅ ሲታጠፍ እንደራሰ ቆዳ ልፍስፍስ ብሏል፣ ጥርሶቹ ስር ትናንሽ ስንጥቆች አሉ። ኩሽኔታው በእጅ ሲዞር ይንኮሻኮሻል፣ እሱም ይሄዳል።

ሁሉንም ፎቶ አንስቼ ለመፍታት እየሞከሩ ላሉ የሰፈር ልጆች ላክሁላቸው፣ በተለይ ባዶውን ፒን። መኪና ስትገዙ ይሄን ማንም አያሳያችሁም።

አርብና ቅዳሜ

እቃ ፍለጋ። ፒያሳና አራዳ አካባቢ ያሉ የእቃ ሱቆችን ዞርኩ። ቺንጋው አለ፣ ሲሎቹም በፍለጋ ተገኙ፣ ግን ያገኘሁት ቺንጋ ካርቶኑ ስሙን በደንብ የጻፈ ውስጡ ያለው ጎማ ግን ፈዞ የቆየ ይመስላል፣ ቺንጋ ጎማ ነው፣ መደርደሪያ ላይም ያረጃል። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለ የአክስቴ ልጅ መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄዶ ቺንጋ፣ ኩሽኔታና ሁለት ኦይል ሲል ገዝቶ በባስ ላከልኝ። በስልክ ያልኩት አንድ ነገር ነው፣ "ሻጩ ያው ነው ቢልህም የሞተሩን ስም ሳታሳየው እንዳትገዛ"። የኮሮላ ቺንጋ ብሎ ነገር የለም፣ ኮሮላ ስንት አይነት ሞተር አላት።

ሞላው ግን ሶማሌ ተራም ለብቻው አልተገኘም። እሱን ያገኘሁት ጋሼ ጋ ነው። ግቢያቸው ጥግ ላይ ቴስታታው የተነሳ የሞተ ፎር ኤ ነበራቸው፣ "ፈልግ" አሉኝ፣ ዝገት ውስጥ ገብቼ ሞላውን ከነመንጠቆው አወጣሁት። ስንት ነው ስላቸው "ለአባትህ ሰላም በልልኝ" ብቻ። በነገታው ግማሽ ኪሎ ቡና ይዤላቸው ሄድኩ።

እቃው ሲደርስ መጀመሪያ ያደረግኩት አሮጌውንና አዲሱን ቺንጋ ጎን ለጎን አስተኝቼ ጥርስ ለጥርስ ማመሳሰል ነው። ስፋትም፣ የጥርስ ቅርጽም፣ ብዛትም። ጥርሱ ክብ ይሁን አራት ማዕዘን ይለያያል፣ ቢመስልም ካልገጠመ ይበላል።

እሁድ

ሲሎቹ መጀመሪያ። የካምሻፍቱን ፑሌጃ ለመፍታት ካሙን ራሱን ነው የሚያዙት፣ ዘንጉ ላይ ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ መያዣ አለ፣ ቺንጋው ይይዝልኛል ብሎ መፍታት የለም። አሮጌውን ሲል ከንፈሩን በምላጭ ቆርጬ፣ ካቻቢቴ ጫፉን በፕላስተር ጠቅልዬ ፈንቅዬ አወጣሁ፣ ዘንጉ ከተጫረ አዲሱም ሲል ያፈሳል። አዲሱን ከንፈሩ ላይ ግሪስ ቀብቼ ልኩ በሆነ ቡሶላ ቀስ እያልኩ መትቼ ከፊቱ ጋር እኩል አስገባሁት። የክራንኩም እንደዛው። ከዛ አካባቢውን በሙሉ በጨርቅና በክሊነር አጸዳሁ፣ ፑሌጃዎቹን ጭምር፣ የጥርሶቹ ስር ያለ አሮጌ ዘይት አዲሱን ቺንጋ እንዳያረክሰው። ቺንጋውን ራሱን ግን በቤንዚን ማጠብ ምናምን እንዳታስቡት።

አሁን ቺንጋው። ታች ያለው ጥርሳም ፑሌጃ ምልክቱ ከዘይት ፓምፑ ምልክት ጋር፣ ላይ ቀዳዳዋ ከካፑ ምልክት ጋር። መወጠሪያውን ከነሞላው አስሬ፣ ወደ ግራ ገፍቼ ለጊዜው ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት። ቺንጋውን ከታች ጀምሬ፣ መወጠሪያ የሌለበት ጎን ጭራሽ እንዳይላላ እየያዝኩ ወደ ላይ ወሰድኩ፣ መጨረሻ ላይ መወጠሪያው ጎን አስገባሁት። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ ልቅነቱ በሙሉ መወጠሪያው ጎን መሰብሰብ አለበት፣ ማዶ ትንሽ ከቀረ ሞላው ሲለቀቅ ካሙ ይሄዳል።

የመወጠሪያውን ቡሎን ለቀቅኩ፣ ሞላው ጎተተ። ክራንኩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር፣ በሰዓት አቅጣጫ ብቻ፣ ካንዴላዎቹ ወጥተው ስለነበር ቀሎ ይዞራል። ዙሩ ሲያልቅ ታች ዜሮ ላይ ነው፣ ላይ ግን ቀዳዳዋ ግማሽ ጥርስ ያህል ከመሃል ወጥታለች። ግማሽ ጥርስ የሚባል ነገር የለም፣ ማዶ በኩል ልቅነት ቀርቶ ነበር ማለት ነው፣ አውርጄ እንደገና አስገባሁት። አሁን ሁለት ዙር፣ ልክ ነው። ለማረጋገጥ እንደገና ሁለት ዙር፣ ልክ ነው። አባባን በቀዳዳዋ እንዲያዩ ጠራኋቸው፣ "መሃል ናት" አሉ፣ ፊርማ ወሰድኩ ማለት ነው።

ቶርክ ቁልፍ (ቡሎን የሚጠብቅበትን ኃይል የሚለካ) የተዋስኩት ከአንድ የጋራዥ ልጅ ነው። የመወጠሪያው ቡሎን 37 ኒውተን ሜትር፣ የካሙ ፑሌጃ 59፣ የታችኛው ትልቁ ቡሎን 118። ቺንጋው አሁን ሲጫን አምስት ሚሊ ገደማ ነው የሚገባው። ከታችኛው ጥርሳም ፑሌጃ ፊት የምትገባ ክብ ሳህን የመሰለች ጠባቂ ብረት አለች፣ ጎድጓዳ ጎኗ ወደ ውጭ ነው የሚያየው፣ ተገልብጣ ከታሰረች ቺንጋውን ትልጠዋለች። ሽፋኖች፣ ሱፖርት፣ የውጭ ቺንጋዎች፣ ጎማ፣ የዚህን ዝርዝር ልተወው፣ እንደተፈታ ነው የሚታሰረው።

እሁድ ማታ፣ ያው ቀን

ከማስነሳቴ በፊት አንድ ነገር። ዲስትሪቢዩተሩ ድሮ የዘገየውን ለማካካስ እስከ ጫፍ ተገፍቶ የለ፣ አሁን ቺንጋው ቦታው ሲገባ ያ ሁሉ ማካካሻ ትርፍ ሆኖ እሳቱ በጣም ይቀድማል። እንደዛው ቢነሳ ሞተሪኖውን ወደኋላ ይመታዋል፣ ዳገት ላይ ደሞ ሞተሩ ካካካ ይላል። ስለዚህ ወደ ቀዳዳው መሃል መለስኩት፣ ከዛ ነው ቁልፍ የዞረው።

ወዲያው ነው የተነሳችው፣ ሞተሪኖው ሳይጨርስ። አባባ ምንም አላሉም፣ ኮፈኑ ላይ እጃቸውን አሳርፈው ቆሙ። እናቴ ከኩሽና "ተነሳች እንዴ?" አለች።

ሞተሩ ሲሞቅ ኮፈኑ ስር ባለችው የዲያግኖስቲክ ሳጥን ውስጥ ቲ ኢ 1 የሚለውን ቀዳዳ ኢ 1 ከሚለው ጋር በሽቦ አገናኘሁ፣ ይሄ ካልተደረገ ኮምፒውተሩ እሳቱን በራሱ እያንቀሳቀሰ ስለሆነ ልኬቱ ውሸት ነው። እሳቱ የሚሰጥበትን ሰዓት በሚያሳየው ታይሚንግ ላይት እያየሁ ከቶፕ፣ ማለት ፒስተኑ ጫፍ ላይ ከሚደርስበት፣ በፊት 10 ዲግሪ ላይ አሰርኩት፣ ዲስትሪቢዩተሩ የቆመው ከቀዳዳው መሃል ብዙም ሳይርቅ ነው። ሽቦውን አወጣሁ፣ ሚኒሞ በደቂቃ 800 ዙር አካባቢ፣ መንቀጥቀጡ ጠፍቷል።

ኮምፕሬሽኑን እንደገና ለካሁ፣ ሰነፍ ብሆንም ይሄን ማወቅ ፈልጌ ነበር። አራቱም ከ140 በላይ። ምንም ሞተር አልተከፈተም፣ ፒስተን ሪንግ አልተቀየረም፣ ቫልቮላዎቹ በሰዓታቸው ስለዘጉ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ሞተር ይወርዳል ያለን ሰው ነበር፣ ስሙን አላነሳም።

ሰኞ

ከአባባ ጋር ወደ ጎሃ ሽቅብ ወጣን፣ እሳቸው እየነዱ። ዳገቱ መሃል ላይ ሁለተኛ ሊያስገቡ እጃቸው ማርሹ ላይ ሄደ፣ "ይተውት፣ ሦስተኛ ላይ ይሁን" አልኳቸው፣ ወጣች። ላይ ደርሰን ፋሲል ግቢን ቁልቁል እያየን ማኪያቶ ጠጣን፣ ከፋዩ እሳቸው፣ ይሄ ብርቅ ነው። ከዛ በጃንተከል አድርገን እስከ አዘዞ ወረድን ተመለስን። በአየር ማስገቢያው የሚተነፍሰው ድምጽ የለም፣ ነዳጅ ሲረገጥ ወዲያው ትሰማለች። አሁንም 1.6 ናት፣ አሁንም ደጋ ላይ ናት፣ ግን ራሷ ናት።

ሲመለሱ በር ላይ አቁመው አንደኛ አስገቡ። ምንም አላልኩም። በማግስቱ የእጅ ፍሬኑን ሽቦ ከፈትኩት፣ መሃል ላይ ተልጦ ጥቂት ክር ነው የቀረው።

ከሳምንታት በኋላ

ሺህ ኪሎ ሜትር ካለፈች በኋላ የላይኛውን ሽፋን ከፍቼ አየሁ። ቺንጋው ደረቅ ነው፣ ሲጫን ያው ነው፣ ምልክቱ ቦታው ነው። ሽፋኑ ውስጥ በማርከር የተቀየረበትን ኪሎ ሜትርና ቀን ጽፌያለሁ፣ ቀጣዩ ከ100 ሺህ በኋላ ወይ ዘይት ከታየ ከዛ በፊት። ከስር ደሞ "ሞላው አለ" ብዬ ጨመርኩበት፣ ቀጥሎ የሚከፍተው ሰው እኔ ላልሆን እችላለሁ።

የእጅ ፍሬኑ ሽቦ ተቀይሯል፣ አባባ አሁን ፍሬኑንም ይስባሉ ማርሹንም ያስገባሉ፣ ድንጋይም ከጎማው ስር ያደርጋሉ። የክራንኩ ሲል ደረቅ ነው። የቴስታታው ክዳን ጓርኒሲዮን ግን በአንድ ጥግ ላብ ማለት ጀምሯል፣ አሮጌውን ነበር የመለስኩት፣ እሱን ለአክስቴ ልጅ አዝዣለሁ። የስቲሪንጉ ቺንጋ ደሞ ጠዋት ጠዋት ይጮሃል፣ እሱ የቅዳሜ ስራ ነው።